እትዬ ተውኩትና ካውያው

በሄዳችሁበት ሁሉ አንዲት አለች። ሰፈር ብትቀይሩ ቀድማችሁ ገብታ ትጠብቃችኋለች። ሥራ ብትቀይሩ ከጎናችሁ ያለው ወንበር የእሷ ነው። ቤተ ክርስቲያን ብትቀይሩ ከፊታችሁ ተቀምጣ ዞር ትልና ፈገግ ትልባችኋለች። የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፦ ነገሩን ለእግዚአብሔር ትቶ የሚተኛና፣ ሌላው የተወውን ሲለቅም የሚያድር። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ ከዓይኔ ሥር ያለውን ጥቁረት ያየ ሰው አይጠይቀኝም።

የእኔዋ ክብርት እትዬ ተውኩት ትባላለች። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ይህንን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ አብረን የምንሠራበት ስፌት ቤት ደግሞ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ክር አለቀ ስትሏት፣ «ለእሱ ተውኩት።» የደንበኛ ቀሚስ ጠበበ ስትሏት፣ «ለእሱ ተውኩት።» ይህን ስትል መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ገልበጥ አድርጋ ትዘረጋለች፤ በእጇ የያዘችውን ወፍ የምትለቅ ነው የምትመስለው። ከዚያ ሻይዋን ታነሳለች።

የሚያንገበግበኝ ሻዩ ነው። በትኩሱ ነው የምትጠጣው! እኔ ሻይ በትኩሱ የጠጣሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ልክ ብርጭቆውን ስይዝ በሩ መዘጋቱን ለማየት እነሳለሁ፣ ወይ ክሩ በትክክለኛው ቀለም መምጣቱን ላጣራ እነሳለሁ፣ ወይ ተላላኪው መንገድ ጠፍቶበት ይሆናል ብዬ እነሳለሁ። ስመለስ ሻዩ በርዶ፣ እሷ ደግሞ ባዶ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ከንፈሯን እየጠረገች ትጠብቀኛለች። ቅናት ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ካለ፣ ባዶ ብርጭቆ ይመስላል።

ዕድለኛ ስለሆነች ነው እንዳልል፣ ባሏ ሲቀበር ከጎኗ ቆሜ ነበር። ያን ቀንም ይህንኑ ስትል ሰምቻታለሁ። መዳፎቿን ዘረጋች። ሻይ ሲሰጧት ግን አልተቀበለችም። ይህን የጻፍኩት ሚዛን አጉድላለች እንዳልባል ነው፤ አሁን ወደ ሐሜቴ ልመለስ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። በእግዚአብሔር ስም የሚሰንፉትን አውቃቸዋለሁ፣ አልምራቸውምም። የስፌት ቤታችን አከራይ የጣሪያውን ቀዳዳ በነገርኩት ቁጥር፣ «እግዚአብሔር ያውቃል እህቴ» ይለኛል።

«እግዚአብሔርማ ያውቃል!» አልኩት አንድ ቀን ፊት ለፊት። «ዝናቡን እየላከ የሚያሳውቅህ ማን ሆነና! አንተ ነህ እንጂ የማታውቀው።»

እንዲህ ያለው ሰው እግዚአብሔርን አያምንም፤ ቀጥሮ እያሠራው ነው፣ ያውም የደከመው ቀን እየወቀሰ። እትዬ ተውኩት ከእነዚህ ብትሆን ኖሮ ይህችን ጽሑፍ ሁለት መስመር ላይ ዘግቻት እተኛ ነበር። አከራዩን ሰድቤ ስመለስ ከቀዳዳው ሥር ባልዲ ተቀምጦ አገኘሁ። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም፤ ንዴቴ አላለቀም ነበር።

የእሷ ችግር ሌላ ነው። የተወችው ነገር ይሳካላታል።

የተማሪዎች ዩኒፎርም ስንሰፋ የሆነውን ስሙ። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ቀሚሶቹ ገና ሽንሽናቸው እንኳ አልተያዘም፣ መብራት ደግሞ ድርግም አለ። እኔ መብራት ኃይል ደወልኩ። አላነሱም። ደግሜ ደወልኩ። አነሱና ጮህኩባቸው፤ እነሱም ጮሁብኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ቆጣሪውን በመቀስ እጀታ መታሁት። ክብርት እትዬ ተውኩት «ለእሱ ተውኩት» አሉ፤ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ጎተት አደረጉና የቀሚሱን ጠርዝ በእጃቸው መዘምዘም ጀመሩ። ከወንበሩ ላይ ሆኜ፣ «ርዕሰ መምህሩ ነገ ሲመጣ እሱንም ለእግዚአብሔር ትተይዋለሽ?» አልኳት።

«እሱንማ ቀድሜ ነው የተውኩት» አለች መርፌዋን ሳታቆም።

ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ መጣ። ጥፊውን ለመቀበል ጉንጬን አዘጋጅቼ ቆሜያለሁ። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ይቅርታ አድርጉልን፣ የመማሪያ ክፍሎቹ ቀለም ስላልደረቀ መክፈቻው ተራዝሟል፤ አጣደፍናችሁ» አለ። ወደ እትዬ ተውኩት ዞርኩ። ሻይ እየጠጣች ነበር። በትኩሱ።

እንግዲህ እኔ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስፌት ያሳየኝ የለም፤ የሰው አሮጌ ኮት እየፈታሁ ነው እንዴት እንደተሰፋ ያወቅሁት። ማንበብም ቢሆን ልብስ ለመቁረጫ ከሚሆነኝ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው የለመድኩት፤ እጅጌ ላይ ተቆርጦ የቀረ ስንት ዜና አንብቤ ፍጻሜውን ከራሴ ጨምሬበታለሁ። እንዲህ ያደገ ሰው እጁን ካላስገባ ነገር የሚሆን አይመስለውም። ስለዚህ ጨርቅ ስሰፋ እጎትታለሁ። የስፌት መኪና ደግሞ ከመርፌው ሥር ትንንሽ ጥርሶች አሉት፤ ጨርቁን የሚወስዱት እነሱ ናቸው። ሰው ከኋላ ሲጎትት ስፌቱ ይጨማደዳል፣ ወይ መርፌው ይሰበራል። የኔ መርፌ ሲሰበር ድምፁን የማያውቅ ጎረቤት የለም።

«አትጎትቺው አንቺዬ» ትለኛለች ቀና እንኳ ሳትል። «አቅጣጫውን ብቻ አሳዪው። መኪናው ይወስደዋል።»

«ባይወስደውስ?»

«እየወሰደው እኮ ነው።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ጠላኋት። ስብከት ቢሆን መልስ አገኝለት ነበር፤ እሷ ግን ስለ ጨርቅ ነው የምታወራው።

ስብከትንስ ሞክሬዋለሁ። አንድ እሑድ ሰባኪው፣ «የተሸከማችሁትን ዛሬ እዚህ አውርዳችሁ ሂዱ» አለ። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ አወረድኩ። የሥራውን፣ የልጄን፣ የጣሪያውን ሁሉንም እዚያው ከወንበሩ ሥር አስቀምጬ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን አላስቻለኝም። ማን ይጠብቀዋል? ተመልሼ አንድ በአንድ አነሳሁት፤ ስወጣ እንዲያውም የጎረቤቴም ሸክም የተቀላቀለብኝ ይመስለኛል። እትዬ ተውኩት ከፊቴ እጇን እያወዛወዘች ትሄዳለች። ባዶ እጇን! ቦርሳዋን እንኳ እኔ ነበርኩ የያዝኩላት፤ ወንበር ላይ ረስታው።

ወደ ካውያው ልምጣ። በስፌት ቤት ውስጥ ካውያ ማለት ከእሳት አደጋ በአንድ ገመድ የተለየ ዕቃ ነው። መጨረሻ የሚወጣ ሰው ያጠፋዋል፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጨረሻ የምትወጣው ደግሞ እሷ ናት፣ ቀስ ብላ ስለምትለብስ። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ስትደርስብኝ የማታ ጸሎታችን ይጀመራል።

«ካውያው ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል።»

«ሶኬቱን ነቅለሽዋል?»

«ነቅያለሁ።»

«በዓይንሽ አየሽው?»

«እህቴ፣ በዓይኔ ሳላይ በምኔ ነቀልኩት?» ትልና መዳፎቿን ትዘረጋለች። «በቃ፣ የቀረውን ለእሱ ተውኩት።»

«የቀረው? የምን የቀረ?» ብዬ እመለሳለሁ። አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄዳል። ስፌት ቤቱን እከፍታለሁ፣ ካውያውን በጣቴ ጫፍ እነካለሁ። ቀዝቃዛ። በማግስቱም ቀዝቃዛ። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ሞቆ አላገኘሁትም፤ ካውያውና የኔ ሻይ የተማከሩ ይመስለኛል። ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይሳሳትም? አንድ ቀን ሞቆ ባገኘው እንዴት እንደምደሰት አስቤ አውቃለሁ። ይቅር ይበለኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ልጄን ነው።

ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፣ አግብታ ወጥታለች። አንድ ቀን ከገበያ ክር ይዤ ስመለስ ስፌት ቤት ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን አጥፋ፣ ራሷን እትዬ ተውኩት ትከሻ ላይ ጥላለች። ስገባ ወሬያቸው ተቋረጠ። ሁለቱም ዓይናቸው እርጥብ ነው፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

«ምን ሆናችሁ?»

«እማ፣ አርግዣለሁ።»

እልል ማለት ነበረብኝ። አፌን የቀደመኝ ግን ሌላ ነው። «ለእሷ ቀድመሽ ነገርሻት?»

ልጄ ጣቶቿን አየች። «ለአንቺ ልነግርሽ ነበር እኮ የመጣሁት። ግን እማ፣ አንቺ ትነሻለሽ።»

«ትነሻለሽ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ስነግርሽ ትነሻለሽ። ሐኪም ቤት ትደውያለሽ፣ አልጋዬን የት እንደማደርገው ትነግሪኛለሽ፣ ባሌን ትጠሪዋለሽ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መቀመጥ ነበር የፈለግኩት።»

ያን ጊዜ በእጄ ስልክ ይዤ ነበር። ቁጥሩንም ግማሽ ነክቼዋለሁ። ቁጭ አልኩ፤ ግን ዘገየሁ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ ነገርኳት፣ የሕፃን ልብስ በየመጠኑ ሰፋሁ፣ ለወሊድ የሚያዘው ሻንጣ ከሆዷ በፊት ሞላ። እሷም፣ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ስትል ከረመች። ቀኑ ሲቀርብ፣ «እማ፣ የማዋለጃ ክፍል የሚያስገቡት አንድ ሴት ነው» አለችኝ። ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። «እትዬ ብትገባልኝስ?» አለች።

ደግ እናት ብትሆን፣ «አንቺን ደስ ያለሽ ይሁን» ትላለች። እኔም ብያለሁ። ያን ቀን ስንት መርፌ እንደሰበርኩ ግን አልነግራችሁም።

ምጡ የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ሽንሽን ቀሚስ እየተኮስኩ ሳለ ነው። የልጄ ባል ደወለ፤ ከሚለው ውስጥ የሰማሁት «ሐኪም ቤት» የሚለውን ብቻ ነው። በሩን በርግጄ ወጣሁ። ከኋላዬ እትዬ ተውኩት፣ «ሂጂ፣ እከተልሻለሁ!» ስትል ሰማኋት። እከተልሻለሁ! እንግዲህ እሷ ስትከተል አስቡት።

ስደርስ እሷ የለችም፣ ልጄ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ናት፤ ስለዚህ እኔ ገባሁ። ይኸው እግዚአብሔርም ወደ ትክክለኛው ሰው መለሰው ብዬ ውስጤ ደስ አለው። መስኮቱን ዘጋሁ። ትራሱን አስተካከልኩ። ልጄን ወደ ግራሽ ዞር በይ አልኳት። አዋላጇን ደግሞ፣ «ጓንትሽን ቀይሪ» አልኳት።

«አሁን ነው የቀየርኩት እናቴ» አለች አዋላጇ በትሕትና። ትንሽ ቆይታ፣ «እናቴ፣ አልጋውን ይልቀቁት» አለች። ከዚያ፣ «እናቴ፣ እባክዎ ውጭ ይጠብቁ» አለች። ልጄን አየኋት፤ ታስቀረኛለች ብዬ።

«እማ፣ እባክሽ ውጪልኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ የሚንቀጠቀጥ አግዳሚ ወንበር ነበር። ብሎኑን በጥፍሬ አጠበቅሁት። መለኪያ ሜትሬ እንደተንጠለጠለ ከአንገቴ ላይ አልወረደም። የልጄ ባል ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን ያያል። መጸለይ አለብኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስጸልይ ግን ራሴን ሰማሁት። «መጀመሪያ የሕፃኑን ጭንቅላት አስተካክለው፤ ከዚያ ደሟን ተመልከት፤ ከአዋላጇ ላይ ደግሞ ዓይንህን አትንቀል።» ለአዲስ ሠራተኛ ሥራ የማስረዳ ነው የሚመስለው። አፈርኩ። አፍሬም አላቆምኩም።

አዋላጇ ብቅ አለች። ፊቷ ልክ አይደለም። «ምጡ ቆሟል» አለች። «የሕፃኑ የልብ ምት ዝቅ እያለ ነው። ትንሽ እናያለን፤ ካልሆነ ወደ ቀዶ ጥገና ነው የምንወስዳት።» ተመልሳ ገባች።

በዚህ መሃል እትዬ ተውኩት ላቧን እያንጠባጠበች ደረሰች። ኮሪደሩን ሙሉ ጮህኩባት። «የት ነበርሽ? ልጄ አንቺን ብላ፣ እኔን አስወጥታ፣ አንቺ በመንገድ ትዝናኛለሽ? ይኼንንም ለእሱ ተውሽው?»

አጠገቤ ተቀመጠችና መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ያን ጊዜ አየሁት። እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ ብሎኑ እንደላላ ወንበር።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አልኳት።

«ሁልጊዜም ይንቀጠቀጣል።»

«ለእሱ ተውኩት ስትይ?»

«ስለምፈራ ነዋ የምለው!» አለች ተቆጥታ። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «ያልፈራሁትን ነገር ምን ብዬ እተወዋለሁ? ጠዋት እተወዋለሁ፣ ምሳ ሳይደርስ መልሼ ይዤዋለሁ። ደግሜ እተወዋለሁ። አንዴ ብዬው የሚያልፍልኝ መሰለሽ እንዴ?»

«አንዴ እንዳልሆነማ ጆሮዬ ምስክር ነው» አልኩ። ሁለታችንም ሳንፈልገው ሳቅ አመለጠን። ለካ ሳቅም ይንቀጠቀጣል።

ስንት ዘመን አፏን ብቻ ስሰማ ኖሬ እጇን አላየሁም። እኔ ስጦታ መስሎኝ የቀናሁበት ነገር ለካ ሥራ ነበር፤ ከኔ ስፌት የባሰ፣ በየቀኑ የሚፈታና በየቀኑ የሚሰፋ።

ተነስታ ገባች። ብዙ አልቆየችም። ራሷን በበሩ አወጣችና፣ «ነይ፣ አንቺን ትፈልጋለች» አለችኝ። «አዋላጇንም ጠይቄልሻለሁ።»

«እኔን?»

«እጅሽን ወደ ኋላ አድርገሽ ግቢ ብላለች።»

እጄን እንደ እስረኛ ወደ ኋላ አጣምሬ ገባሁ። ልጄ አየችኝና አንዱን እጄን ከኋላዬ መንጭቃ ወሰደችው። ጣቶቼን ጨመቀቻቸው። ትራሱ ጠማማ ነበር። ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም። እንደ ጠመመ ቀረ። አዋላጇ ጓንቷን ቀየረች አልቀየረች አላውቅም። ውስጤ እንደገና ትእዛዝ ማዘዝ ሲጀምር፣ «ለአንተ ተውኩት» አልኩ። ወዲያው መልሼ ያዝኩት። «ተውኩት» አልኩ። መልሼ ያዝኩት። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት፤ ምጥ ላይ ያለችው ማን እንደሆነች ለሚያይ ሰው ግልጽ አልነበረም። ጨርቁን አትጎትቺው የሚል ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ እዚህም አልተወችኝም!

«መጣ!» አለች አዋላጇ። «አሁን፣ አሁን የኔ ልጅ!»

ሴት ልጅ ናት። ስታለቅስ ድምፅዋ የኔ ነው፤ ገና ከመምጣቷ መስኮቱ እንዲዘጋ የምታዝ ይመስላል። ሁሉም በር እንዲህ እንደማይከፈት አውቃለሁ፤ በዚያው ኮሪደር አንገቱን ደፍቶ የወጣ ሰው አይቻለሁ፣ እትዬ ተውኩትም ያንን ዓይነት በር ታውቀዋለች። ስለዚህ ቀመር አገኘሁ ብዬ አልሰብክላችሁም። ልጄ ግን እጄን አልለቀቀችውም። ለምንም ያልጠቀመ እጅ እንዲህ ተፈልጎ አያውቅም።

ሕፃኗን አጥበው ሲያስታቅፉን ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁ። «ካውያው!»

ትዝ አለኝ። ቀሚሱ ላይ እንደተደፋ ነበር ጥዬው የሮጥኩት።

«ቁጭ በይ» አለች እትዬ ተውኩት። «አጥፍቼዋለሁ። የስፌት ቤቱን ቁልፍ ደግሞ የት ጥለሽው እንደሄድሽ ስፈልግ ነው የዘገየሁት። ቀሚሱ ግን ተቃጥሏል፤ የካውያው ቅርጽ መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል።»

በስፌት ቤታችን ታሪክ የመጀመሪያው ቃጠሎ የእኔ ሆነ። ልጄ በትራሷ ውስጥ ተደብቃ ትስቃለች።

«ሶኬቱንስ ነቅለሽዋል?» አልኩ፤ አፌ ልማድ አለበት።

«ነቅያለሁ።»

«ለእግዚአብሔር አልተውሽውም?»

«እሱ ለእኔ የተወልኝን እንዴት መልሼ ለእሱ እተዋለሁ?» አለች፤ ሕፃኗንም ከእጄ ተቀበለችኝ።

ሲመሽ ልጄንና ባሏን ትተን ወጣን። መንታ መንገዱ ላይ ስንለያይ እግሬ ወደ ስፌት ቤቱ ዞረ። በጣቴ ጫፍ ብቻ ነክቼው ልመለስ ነው፤ ሌላ ምንም። ጥቂት ሄጄ ቆምኩ። እግዚአብሔርን በሙሉ ልብ ማመን ገና እየተማርኩ ነው፣ መርፌም እየሰበርኩ ነው። ካውያውን ግን ለእሷ ተውኩት፤ ከዚያ መጀመር ይቻላል ብዬ። አውቶቡሱም አልጣለኝም።

ቤቴ ገብቼ ሻይ አፈላሁ። ተቀመጥኩ። ሳልነሳ፣ በትኩሱ፣ ልክ እንደ እሷ አንዴ ሳብ አደረግሁት።

ምላሴን ለበለበኝ። ያቺ ሴት እንዴት ብላ እንደምትጠጣው አሁንም አልገባኝም፤ ነገ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እጠይቃታለሁ።